በእርሳስ የተጻፈ አይተየብም

ሥራ ቦታ «ቋሚዋ» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት የበሽተኞችን ፊልም የሚያነሳው ባልደረባዋ ነው፤ የእሱ ምላስ ሥራ ሲፈታ የሚያርፍበት ሰው አያጣም። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በየዓመቱ በሚታደስ ውል ስትሠራ ቋሚ አድርገው አልቀጠሯትም። እሷ ደግሞ ከስድስት ዓመት ወዲህ ወንበር ላይ አትቀመጥም። «ውልሽ ቋሚ ባይሆን አንቺ ቋሚ ነሽ» ብሎ ሳቀ፣ ሰው ሁሉ ተቀበለው፣ እሷም አብራ ሳቀች። ምን ታድርግ? ካልሳቀች ደግሞ አኩራፊ ልትባል ነው።

ሥራዋ መተየብ ነው። የምርመራ ማዕከሉ የሰውን ወገብ፣ አንገት፣ ጉልበት በትልቁ ማሽን ያነሳል። አንባቢው ሐኪም ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ ያየውን በእጁ ይጽፋል። እሷ ያንን እጅ እግሩ የማይታወቅ ጽሑፍ ወደ ንጹህ ወረቀት ትገለብጣለች፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ከዚያም በመስኮቷ በኩል ለባለቤቱ ትሰጣለች። ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት የወረቀት ካርቶን ደራርባለች፤ ኪቦርዱ ከላይ ነው፣ እሷ ቆማ ትመታዋለች። ወንበሯ ጥግ ላይ አለ። ቦርሳዋ ይቀመጥበታል።

ስትቀመጥ ከጭራ አጥንቷ ትንሽ ከፍ ብሎ አንድ ነገር ይነቃል። መጀመሪያ ይቆረጥማል፣ ቀጥሎ ያቃጥላል፣ ሩብ ሰዓት ካለፈ በግራ ታፋዋ ወርዶ ተረከዟ ድረስ ይደርሳል። ስታስል ይብስባታል። በጎኗ ስትጋደም ይተዋታል። ይኸው ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ለሐኪሞች ስትናገር የኖረችው ይህንኑ ነው፤ ቃሉን እንኳ አልለወጠችም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ልመልሳችሁ። ሥራ የገባች ቀን አንባቢው ሐኪም፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው ሽማግሌ፣ የነጭ ጋዋናቸውን የደረት ኪስ አሳዩዋት። አንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ አንድ እርሳስ።

«እስክሪብቶው ለሰው ነው፣ እርሳሱ ለራሴ» አሏት። «በእርሳስ የተጻፈ አይተየብም። ገባሽ ልጄ?»

«ገባኝ ጋሼ።»

«አልገባሽም፣ ላስረዳሽ። ፊልም ላይ የሚታይ ሁሉ በሽታ አይደለም። አንዱ ኩላሊቱ ላይ ውሃ የቋጠረች ነገር አለችው፣ አብራው ትኖራለች። የሌላው አጥንት ሲፈጠር ጀምሮ ጠመም ያለ ነው። ይህን ሁሉ ጽፈሽ ብትሰጪው ቤቱ ሄዶ እንቅልፍ ያጣል። እኛ ሰውን በወረቀት አናሳምምም።»

ክፋት አልነበረባቸውም፤ ይህን እመሰክርላቸዋለሁ። ሰው ሳይሸበር ወደ ቤቱ እንዲሄድ የሚፈልጉ አዛኝ ሽማግሌ ነበሩ። እርሳሱን የሚጠቀሙበትም ሰውየው ተመልሶ ቢመጣ እንዲያስታውሱት ነው። ግን ሰው ሲመለስ ይዞ የሚመጣው ወረቀቱን እንጂ እርሳሱን አይደለም፤ እርሳሱ ያለበት ገጽ ፖስታ ውስጥ ገብቶ ከደረጃው ስር ወዳለው ዕቃ ቤት ወርዷል።

እሷ ግን ትእዛዙን ከሚጠበቅባት በላይ ተማረችው። ጥቂት ወር ሳይሞላ ዓይኗ ራሱ እርሳስ ማየት ተወ። እስክሪብቶው የሚያልቅበት ቦታ ስትደርስ ጣቶቿ ሳትነግራቸው «ሌላ የሚጠቀስ ነገር የለም» ብለው ነጥብ ያሳርፋሉ። ከዚያ በቀይ ቀለም ገጹ ግርጌ ላይ ምልክቷን ታደርጋለች፣ ተተይቧል ማለት ነው፤ ወደሚቀጥለው። ያቺን ዓረፍተ ነገር ስንት ሺህ ጊዜ እንደጻፈቻት እግዜር ይወቀው።

ሕመሙ ሲጀምራት አልወደቀች፣ ከባድ አላነሳች። አንድ ሰኞ ተቀምጣ ስትተይብ መጣ፣ በዚያው ቀረ። ባልደረቦቿ አዘኑላትና በምሳ ሰዓት ማሽኑ ውስጥ አስገብተው አነሷት። ጋሼ ወዲያው አነበቡላት። የራሷን ውጤት ራሷ ተየበችው፤ ስሟን ስትመታ ሳቋ መጥቶ ነበር። ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ የአከርካሪዋ ዲስኮች ከዕድሜ ጋር በመጠኑ ደርቀዋል፣ ሌላ የሚጠቀስ ነገር የለም። ተመስገን አለች፣ ምልክቷን አደረገች፣ ወረቀቱን ለራሷ ሰጠች።

ከዚያ የሆነውን ሁሉ ብዘረዝር እናንተም ትደክማላችሁ። ቀበቶ ታጠቀች። ኪኒን ዋጠች፣ ጨጓራዋ ተላጠ። ተወጋች፣ ታሸች፣ ፍራሿን መሬት አወረደች፣ መልሳ አወጣች። አንዱ ሐኪም ክብደት ቀንሺ አላት፣ ሌላው ትንሽ ጨምሪ አላት። ሦስተኛው ወረቀቷን አየና፣ «ይህ ጭንቀት ነው፤ ከባልሽ ጋር ሰላም ናችሁ?» ብሎ ጠየቃት። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰላም ነበሩ።

ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጦ የሚውል ሰው ነው፣ ወገቡን ግን አንድም ቀን አሞት አያውቅም። ክፉ እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ልብስ ያጠበው፣ ዕቃ የተሸከመው፣ ጀርባዋን ያሸው እሱ ነው። ከዚያ ደከመው። ሰው ሲደክመው ደግሞ ማስረጃ ይፈልጋል፤ ማስረጃው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ከልጆቹ የልደት ወረቀት ጋር ተቀምጧል። ሲጣሉ ያወጣውና ጮክ ብሎ ያነባል። «ሌላ የሚጠቀስ ነገር የለም! እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ያንቺው መሥሪያ ቤት ነው።»

ወረቀቱ የመሥሪያ ቤቷ ነው። ማኅተሙን ታውቀዋለች። እየቆየች ሲሄድ እሷ ራሷም ከወረቀቱ ጋር ወገነች። ሠርግ ቤት ግድግዳ ተደግፋ ስትቆም፣ የባሏ እህት «ይቺ ደግሞ ሁልጊዜ ልትሄድ እንደቸኮለች ናት» ስትል ሰምታ፣ ምናልባት እውነቷን ይሆናል ብላለች። የሚያመኝ እያመመኝ ነው ወይስ አመል ሆኖብኝ? ይህን ጥያቄ አውቶቡስ ውስጥ ብረቱን ይዛ ቆማ ስንት ጊዜ እንደጠየቀች ለማንም አልነገረችም። ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው።

ከሁለት ዓመት በፊት ወደ መስኮቷ አንዲት ሴት ትመላለስ ነበር። ሹራብ ሠሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የሹራብ ማሽን ላይ ተቀምጣ ስትጎትት የምትውል። ወገቧን ተነስታ ውጤቷን ወስዳ ነበር፤ ወረቀቱን ይዛ ተመለሰች፣ በወሩ ደግሞ ተመለሰች፣ ሦስተኛም መጣች። በሦስተኛው ቀን አንድ ጉልበቷን አግዳሚ ወንበሩ ላይ አሳርፋ፣ ክርኗን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፦

«እህቴ፣ እንዳትቆጪኝ» አለቻት። «የቀረ ነገር የለም? ረስታችሁ ሳትጽፉት የቀራችሁ?»

«የታየው ሁሉ ተጽፏል እህቴ። ንጹህ ነሽ፣ ደስ ይበልሽ።»

በጨዋ አንደበት ነው የነገረቻት፤ አምናበትም ነው። ሴትዮዋ ወዲያው አልሄደችም። በመስኮቱ አሻግራ ካርቶኖቹን አየች፣ ጥግ ያለውን ወንበር አየች።

«አንቺም አትቀመጪም እንዴ?»

«የሥራ አመል ነው» አለቻት ቋሚዋ።

ሴትዮዋ ወረቀቷን ለአራት አጥፋ ኪሷ ከታ ወጣች፤ ከዚያ ወዲያ አልመጣችም።

ዘንድሮ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ከረባት የሚያስር፣ ሰላምታ የማይነፍግ፣ ለውጥ ለውጥ የሚሸተው ወጣት። የድሮውን መስኮት አፍርሶ ዝቅ ያለ ባለ መስታወት ጠረጴዛ አሠራ፣ ተሽከርካሪ ወንበሮች አስመጣ። ቋሚዋ ካርቶኖቿን አዲሱ ጠረጴዛ ላይ ስትደረድር አይቶ ቢሮው ጠራት።

«ደንበኛ ይደነግጣል» አላት። «ወይ እንደሌሎቹ ቁጭ ብለው ይሥሩ፣ ወይ መቀመጥ እንደማይችሉ የሐኪም ወረቀት ያምጡልኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ። አለበለዚያ ውሉን ማደስ ይቸግረኛል።»

ለባሏ ነገረችው። ከሥራ ገብቶ ጫማውን እያወለቀ ነበር። ይጮሃል ብላ ስትጠብቅ አልጮኸም፤ የባሰው ይህ ነው።

«ምን ብለው ይጽፉልሻል?» አላት ቀስ ብሎ። «ስድስት ዓመት እኮ ነው። ስምንት ሐኪም። አንዳንዴ እያሽከረከርኩ አስበዋለሁ፣ የሌለ ነገር ይመስለኛል። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልዋሽሽ ስላልፈለግኩ ነው።»

ሥራውስ ሥራ ነው፣ ሌላ ይፈለጋል። ይህ ሰው ግን ምትክ የለውም። ያን ቀን ከዓለም ሁሉ የፈለገችው አንድ ነገር ነበር፦ እሱ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ «እውነትሽን ነው» እንዲላት። ወሩ ሳያልቅ ያንን ካላገኘች እሷም ራሷን ማመን ልትተው ነው፤ ይህን አውቃዋለች።

ዘጠነኛዋ ሐኪም የነርቭ ሐኪም ናት፣ ልጅ እግር፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። ቋሚዋ ገብታ ወንበሩን ሸሽታ ስትቆም ምነው አላለቻትም። «ግድ የለም ይቁሙ» ብላ እሷም ተነስታ ጠረጴዛውን ተደገፈች። ከዚያ ጠየቀቻት፤ ሲቀመጡ ነው ሲቆሙ? ሲያስሉስ? በየትኛው ጎን ይተኛሉ? ቋሚዋ ያንኑ ስድስት ዓመት የተናገረችውን ተናገረች። ወረቀቱን ከላስቲኩ ልታወጣ ስትል ሐኪሟ እጇን አነሳች።

«ወረቀቱ ይቆየን። ፊልሙን ነው የምፈልገው።»

«ቤት የነበረው ፊልም ጣሪያው ሲያፈስ ተበላሽቷል ዶክተር።»

«የተነሱበት ቦታ ቅጂ አይኖርም?»

«ይኖራል። እዚያ እኮ ነው የምሠራው።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?» ብላ ሳቀች ልጅቱ።

ማግስቱን በምሳ ሰዓት ከደረጃው ስር ገባች። ዕቃ ቤቱ አንድ አምፖል አለው፣ ቡናማ ፖስታዎቹ በዓመተ ምህረት ተደርድረዋል፣ አቧራው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ተንበርክካ ፈለገች፤ ሕመሙ መንበርከክ አይከለክላትም። የራሷን ፖስታ አገኘችው። ፊልሙ ደህና ነው። ከጀርባው የጋሼ ገጽ ተያይዟል፦ ሁለት መስመር፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ልክ እንደምታስታውሰው። ከስሩ ደግሞ፣ በደብዛዛ እርሳስ፦

«ከወገብ በታች፣ ነርቡ በሚወጣበት፣ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት፣ 2 ሴ.ሜ.። ተራ ነገር።»

ከዚያችም ስር የእሷ ቀይ ምልክት። ተተይቧል።

ክው አለች። አምፖሉ ስር ይዛው ሄደች፣ ተመልሳ ተንበረከከች፣ እንደገና አነበበችው። በጋሼ ለመናደድ ሞከረች፤ ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል፣ አሁን የራሳቸውን መነጽር እንኳ ማግኘት ያቅታቸዋል ይባላል። ንዴቱ አልመጣላትም። ዓይኗ የሚመለሰው ወደዚያች ቀይ ምልክት ነው። ወይ ጉድ፣ አለች ጮክ ብላ፣ ማንም በሌለበት።

ሐኪሟ ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቅላ በጣቷ አሳየቻት። የወይን ፍሬ የምታህል ነጭ ነገር፣ ጭራ አጥንቷ አጠገብ ተሸጉጣለች።

«ይህ ብዙ ሰው ላይ አለ» አለቻት። «ብዙውን ምንም አያደርገውም፤ ለዚህ ነው አንባቢዎች የሚያልፉት። አንዳንዱን ግን ነርቡን ይጫነዋል፣ በተለይ ሲቀመጥ። እርስዎ የሚሉኝና ይህ ቦታ ይገጥማሉ።»

«ይድናል?»

«አላታልልዎትም። በመርፌ ይቀዳል፣ ተመልሶ የሚሞላበት ጊዜ አለ። ቀዶ ሕክምና አለ፣ ለሁሉም አይሆንም። መጀመሪያ አዲስ እናንሳና የዚህ መሆኑን እናረጋግጥ። አይደለም ልንልም እንችላለን።»

ለሥራ አስኪያጁ የሚሆነውን ወረቀት ጻፈችላት። ቋሚዋ ወረቀቱን ተቀብላ አመሰገነችና ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች። ተረኛ የሚጠብቁት ሰዎች ክፉ ነገር የተነገራት መስሏቸው አንዲት እናት መሐረብ ሰጠቻት።

አመሻሹ ላይ ባሏ ሲገባ ሁለቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት፤ የሐኪሟን ደብዳቤና የጋሼን ገጽ። መነጽሩን አድርጎ አነበበ። የእርሳሱ ጋ ሲደርስ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ እንደ ተማሪ አነበበው።

«እውነትሽን ነበራ» አላት።

ይኸው፣ መጣች። ስድስት ዓመት የተጠበቀችው ቃል መጣች። ልትደሰት ስትል ግን ጣቱን ግርጌው ላይ አሳረፈ።

«ይቺ ቀይ ምንድን ናት?»

«የኔ ምልክት ናት። ተይቤ ስጨርስ የማደርጋት።»

«አላየሽውም እንዴ?»

«ሳላየው አልቀርም። በእርሳስ ነበር።»

መነጽሩን አወለቀ። ያወለቀውን ጫማ አስተካክሎ አስቀመጠ። «ያን ወረቀት ያመንኩት እኮ ከናንተ ቤት ስለወጣ ነው» አለ በመጨረሻ። «ተሳስተው አይጽፉም እያልኩ። ለካ የጻፍሽው አንቺ ነሽ።» ተነስቶ ወደ እሷ መጣና ጀርባዋ ላይ፣ ድሮ በሚያሽበት ቦታ፣ መዳፉን አሳረፈ። አላሸም፤ ዝም ብሎ አሳረፈው። እሷ ግን ልቧ ሌላ ቦታ ነበር። ያቺ አንድ ጉልበቷን አግዳሚው ላይ ያሳረፈች ሴት ፊቷ ላይ ድቅን ብላባታለች።

በነጋታው ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤዋን አንብቦ «እሺ፣ ይቁሙ» አላት፤ ለዚያ ሁሉ ጭንቀት ሁለት ቃል። ካርቶኖቿን ወደ ቦታቸው መለሰች። ከዚያ ከደረጃው ስር ገባች። የሴትዮዋን ስም አታስታውስም፣ ወሩን ግን ታስታውሳለች፣ ፎርሙ ላይ ደግሞ ሥራ የሚል ቦታ አለ። ፖስታ በፖስታ ሄደች። እየሄደችም አየች፤ እርሳስ፣ እርሳስ፣ በየሦስት በየአራቱ ገጽ እርሳስ። ስንቱ ተራ ነገር እንደሆነ፣ ስንቱ እንዳልሆነ ማን ያውቃል? ከየአንዳንዱ ስር ቀይ ምልክቷ አለ።

ሥራ፦ ሹራብ። አገኘቻት።

«ከረጢት፣ ሦስት፣ ትልቁ 3 ሴ.ሜ.። ተራ።»

ስልክ ቁጥሩ ፎርሙ ላይ ነበር። እዚያው አምፖሉ ስር ቆማ ደወለች። አንዲት ልጃገረድ አነሳች።

«እማዬ ጋደም ብላለች። በጎኗ ነው የምትውለው፣ ሥራውንም ትታዋለች። ልስጣት?»

ትንሽ ኮሽታ፣ ትንሽ ማቃሰት፣ ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። «ማን ልበል?»

«ከምርመራ ማዕከሉ ነው። በመስኮቱ በኩል ወረቀት የምሰጠው።»

«ያቺ ቆማ የምትሠራዋ?»

«አዎ።» የተዘጋጀችበት ንግግር ነበራት፤ ስለ እስክሪብቶውና ስለ እርሳሱ፣ ስለ ጋሼ፣ ስለ ሥራው ደንብ። ሁሉም በነነ። «እህቴ፣ ወረቀትሽ ላይ የቀረ ነገር ነበር። ሳልጽፈው የቀረሁት እኔ ነኝ።»

ቋሚዋ የሴትዮዋን ትንፋሽ ትሰማለች።

«ሦስት ጊዜ ጠየቅኩሽ እኮ።»

«ሦስት ጊዜ ጠይቀሽኛል። ቤትሽን ንገሪኝ፣ ፊልሙን ይዤልሽ ልምጣ። ያየችኝ ሐኪም አለች፣ እሷ ጋ አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ሴትዮዋ አልተሳደበችም። አላመሰገነችም። የሰፈሩን ስም፣ የበሩን ቀለም፣ የሚወረድበትን ፌርማታ አንድ በአንድ ነገረቻት፤ ቋሚዋ ፖስታው ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችው።

«ነይ እንግዲህ» አለች ሹራብ ሠሪዋ። «ወንበር አላቀርብልሽም። እንደማትቀመጪ ያን ጊዜም አውቄ ነበር።»